ሥልጣን መጀመሪያ የሚያጣው ዓይኑን ነው

«ፖለቲካ ሌላ፣ ሥነ ምግባር ሌላ።» ይህን አባባል ስንቴ እንደ ሰማሁት አላውቅም። የሚሉት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ አንብበው፣ አይተው፣ በተስፋ ጀምረው በምሬት እዚያ የደረሱ ናቸው። ጨዋታው ሲጀመር «አገር የሚመራ ሰው አንዳንዴ መጨከኑ አይቀርም» ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ «አገር የሚያቀናው የጨከነ ነው» ይሆናል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «እገሌ ደግ ሰው ነው፣ ግን ለመሪነት አይሆንም፤ የዋህ ነው» ይባልና ይሳቃል። ሦስቱ አንድ ሐሳብ ይመስላሉ፤ አይደሉም።

የመጀመሪያውን እቀበላለሁ። መሪ መነኩሴ አይደለም። ጦርነት ለማቆም ሲል ከነፍሰ ገዳይ ጋር ተቀምጦ ይፈርማል። በጀት ሲያንስ የትኛው ሆስፒታል ቀድሞ መድኃኒት እንደሚያገኝ ይወስናል፤ በቀረው ሆስፒታል ሰው እንደሚሞት እያወቀ። እንዲህ ያለውን ውሳኔ ከዳር ቆሞ ማውገዝ ቀላል ነው። ጠቤ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ጋር ነው። እነዚያ ግብረ ገብን ሥልጣን ከተደላደለ በኋላ ከሣጥን የሚወጣ የክት ልብስ ያደርጉታል።

ለዚህ የተለመደው መልስ «ግፍ የሠራ አይቀርለትም» የሚል ነው። ያጽናናል፣ ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ግፍ ሠርተው፣ ዕድሜ ጠግበው፣ በአልጋቸው ላይ የሞቱ ገዢዎች ሞልተዋል። የእኔ ክርክር ከሰማይ ቅጣት ጋር አይገናኝም። ሥልጣን ከሥነ ምግባር ሲፋታ መጀመሪያ የሚጎዳው ራሱን ሥልጣኑን ነው እላለሁ፤ ያለበትን ማየት ያቅተዋል። «ለውጤት ስንል ነው ግብረ ገብን ያቆየነው» የሚሉት ሰዎች የሚያጡት ያንኑ ውጤት ነው።

እነሱ ከሚወዷቸው ምሳሌዎች አንዱ ቼዛሬ ቦርጂያ ነው። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ቀኖቹንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1502 መጨረሻ የሃያ ሰባት ዓመት ጎልማሳ ነበር፤ የሮማው ጳጳስ የአሌክሳንደር 6ኛ ልጅ፣ በመካከለኛው ጣሊያን ሮማኛ የሚባለውን ምድር በጦር የያዘ። አካባቢው ሽፍታና ጠብ የበዛበት ስለነበር ራሚሮ ደ ሎርካ የሚባል ጨካኝ ሰው ሾመበት። ራሚሮ ፈጥኖ ጸጥ አሰኘው፤ ሕዝቡም ፈጥኖ ጠላው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 26 ማለዳ የቼዜና ነዋሪዎች ወደ አደባባይ ሲወጡ ራሚሮ ለሁለት ተከፍሎ ተጋድሞ አገኙት፤ አጠገቡ ጉማጅ እንጨትና በደም የተለወሰ ቢላዋ ነበር። ጌታው የሾመውን ሰው ጥፋቱን ሁሉ አሸክሞ አስገደለው። አምስት ቀን ቆይቶ ደግሞ ያመፁበትን የጦር አዝማቾች «እንታረቅ» ብሎ ሴኒጋሊያ በምትባል ከተማ ጠራቸው። መጡ። ሰላምታ ተለዋወጡ። ከመካከላቸው ሁለቱ በዚያችው ሌሊት ታንቀው ሞቱ።

የፍሎረንስ መልእክተኛ ሆኖ በዚያ ሰሞን ቼዛሬን ይከተል የነበረው ኒኮሎ ማኪያቬሊ ይህን ሁሉ በቅርብ ተከታትሎ ጽፎታል፤ በአድናቆት። ያደነቁት ሌሎችም ብዙ ናቸው። ብዙዎቹ ግን ታሪኩን ታኅሣሥ ላይ ያቆሙታል።

የሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ላይ አባትየው ሞተ። ቼዛሬ ራሱም በጠና ታሞ ተኝቶ ነበር። ቀጥሎ የተመረጠው ጳጳስ አንድ ወር ሳይሞላው ሲሞት፣ የቦርጂያዎች የቆየ ጠላት የነበረው ጁሊያኖ ዴላ ሮቬሬ «የስፔን ካርዲናሎች እንዲመርጡኝ ካደረግህ ሹመትህንም ግዛትህንም አልነካም» ብሎ ቃል ገባለት። ቼዛሬ አመነው። ሰውየው በኅዳር 1503 ዳግማዊ ዩሊዮስ ተብሎ መንበሩ ላይ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ቼዛሬን አስይዞ ምሽጎቹን እንዲያስረክብ አስገደደው። ቼዛሬ ከዚያ ወደ ናፖሊ ሄደ፣ «ማንም አይነካህም» የሚል የይለፍ ወረቀት ከስፔኑ አዛዥ ተቀብሎ። እዚያም ተያዘ። ወደ ስፔን ተላከ፣ ከእስር አመለጠ፣ በ1507 በናቫራ በአንዲት ተራ ግጭት ተገደለ።

ቃል መስጠትን እንደ ወጥመድ ሲጠቀምበት የኖረ ሰው በሌላ ሰው ቃል ሁለት ጊዜ ተጠመደ። ይህን «የእጁን አገኘ» ብሎ ማለፍ አያረካኝም። እኔን የሚይዘኝ የነገሩ አሠራር ነው። ቃል የሚጸናው ሰጪው ቢያፈርስ የሚያፍርበት ሰው ሲኖር ነው። ቼዛሬ እንዲህ ያለውን ሰው ሁሉ ከዙሪያው አጥርቶ ነበር፤ ጉልበቱ ሲዝል ለእሱ ቃሉን ለመጠበቅ ምክንያት ያለው ሰው አልተገኘም። እሱ ደግሞ ይህን ማየት አልቻለም። ሁሉም እንደ እሱ ነው ብሎ ማሰብ ነበረበት፤ አላሰበም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ አድናቂዎቹ ስለማያነሡት። ቼዛሬ ወድቆ እንኳ በሮማኛ የነበሩ አንዳንድ ምሽጎች እጅ አንሰጥም ብለው ቆይተውለታል፤ ሕዝቡም ቶሎ አልከዳውም። ምክንያቱ የአደባባዩ ሬሳ ይመስላችኋል? ከራሚሮ ይልቅ ለምድሪቱ የበጀው ሌላ ነገር ነው። ቼዛሬ ከከተማ ከተማ እየዞረ የሚዳኝ፣ የተከበረ ሰው የሚመራው ፍርድ ቤት አቋቁሞ ነበር፤ ያ ሕዝብ ከዚያ በፊት ከነበሩት ትንንሽ ገዢዎች ያላገኘው ነገር ነበር። ከዚያ ሁሉ ተንኮል መካከል ለክፉ ቀን የተረፈችው የፍትሕዋ ቁራጭ ናት።

ከአራት መቶ ዓመት በላይ ወደዚህ ልሻገር፤ ዕውርነቱ በግልጽ የታየበት ቦታ አለና። በ1958 ቻይና በማኦ ሴቱንግ መሪነት «ታላቁ ዝላይ» ብላ ገበሬውን ሁሉ ኮሚዩን በሚባል የጋራ እርሻ አደራጀች። እያንዳንዱ ወረዳ ከጎረቤቱ የበለጠ ምርት ሪፖርት ለማድረግ ይሽቀዳደም ጀመር። ከብዙ ማሳ የተነቀለ ሩዝ በአንድ ማሳ ላይ ተጠጋግቶ ተተክሎ «ምርቱ እንዲህ ደርሷል» ተብሎ ጎብኚ ይመጣበት ነበር። ሰብሉ ከመወፈሩ የተነሣ ሕፃናት ቆመውበት የሚያሳይ ፎቶ በጋዜጣ ወጣ፤ ከሥራቸው አግዳሚ ወንበር ነበረ።

ይህ ብቻ ቢሆን ያስቃል። መንግሥት ግን እህል የሚሰበስበው በሪፖርቱ ልክ ነበር። ወረቀት ላይ እጥፍ የሆነ ምርት መሬት ላይ የነበረችውን ጠራርጎ ወሰዳት። ገጠሩ ሲራብ አገሪቱ እህል ወደ ውጭ እየላከች ነበር።

የመከላከያ ሚኒስትሩ ፐንግ ደኋይ የገበሬ ልጅ ነበር። የትውልድ አካባቢውን ዞሮ አይቷል፤ ያየውም ከሪፖርቱ ጋር አልገጠመለትም። በ1959 ሐምሌ የፓርቲው መሪዎች ሉሻን ተራራ ላይ ተሰብስበው ሳለ ለማኦ በግል ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው የጦር ጥሪ አልነበረም። በስኬቱ ምስጋና ይጀምርና ከዚያ በኋላ ነው ማጋነኑ አደጋ እንዳመጣ የሚናገረው። ማኦ ደብዳቤውን አባዝቶ ለተሰብሳቢው አስበተነው፤ በቀጣዮቹ ቀናት ሰውየው የፀረ ፓርቲ ቡድን መሪ ተባለ፤ መስከረም ላይ ከሥልጣኑ ተነሣ። በባህል አብዮቱ ዘመን ተደብድቦና ተዋርዶ በ1974 በእስር ላይ እንዳለ ሞተ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከፋው። ሉሻን ላይ የተቀጣው አንድ ሰው ቢሆንም ትምህርቱን የወሰዱት በመላ አገሪቱ ያሉ ሹማምንት ናቸው። ከዚያ በኋላ በየወረዳው «ርሃብ ገብቷል» ብሎ የሚጽፍ እጅ ተንቀጠቀጠ። ስብሰባው የተጠራው ስህተቱን ለማረም ነበር፤ ሲበተን ስህተቱ ጭራሽ ተጠናክሮ ቀጠለ። እስከ 1961 ድረስ በርሃቡ ያለቀውን ሕዝብ አጥኚዎች ከ15 ሚሊዮን እስከ 45 ሚሊዮን ይገምቱታል።

«ይህ የመረጃ ችግር ነው፣ የሥነ ምግባር አይደለም» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። በእኔ ግምት መረጃ ብቻውን አይሄድም። እውነት ከታች ወደ ላይ የሚደርሰው ደመወዝ፣ ልጆችና ፍርሃት ባለው ሰው እጅ ነው። ያ ሰው መጥፎ ዜና ይዞ ደረጃ ሲወጣ የሚያደርገው ነገር የሥነ ምግባር ሥራ ነው፤ የሚሰማው መሪም ባይወደውም ላለመቅጣት ራሱን ሲገታ እንዲሁ። ሁለቱ ከሌሉ ምንም ያህል የስታቲስቲክስ ቢሮና የስለላ መሥሪያ ቤት ቢቆም፣ የሚመጣው መሪው መስማት የሚፈልገው ነው።

ለዚህ ቤተ መንግሥት አያስፈልግም። በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የሩብ ዓመት ሪፖርት ቁጥሩ ዝቅ ሲል አለቃችን አይቆጣም ነበር። ወረቀቱን በጣቱ ወደ አቅራቢው መለስ ያደርገውና «እስቲ ደግመህ እየው» ይላል፣ በለሰለሰ ድምፅ። በማግስቱ ቁጥሩ አድጎ ይመጣል። ማንንም «ዋሽ» ብሎ አያውቅም። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ በዚያ ቁጥር ላይ ተሠራ፤ ዕቃ የሚያከፋፍል የጭነት መኪና ሁሉ ተከራየን። መኪናው መጥቶ መጋዘኑ ሲከፈት ግማሹ መደርደሪያ ባዶ ነው። አስመስሎ አልነበረም፤ አለቃችን ከልቡ ደነገጠ። «ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ። ማንም መልስ አልሰጠውም፤ የመኪናው ሾፌር ብቻ «ታዲያ ምን ልጫን?» እያለ ይጠይቅ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ፤ ከባድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። «ሥነ ምግባር ሥነ ምግባር እያሉ ሥልጣን የያዙ ሰዎችስ ያፈሰሱት ደም ያንሳል?» አያንስም። ከፈረንሳይ አብዮት መሪዎች አንዱ የሆነው ማክሲሚሊያን ሮቤስፒየር ጉቦ የማይቀበል ሰው ነበር፤ ፓሪስ ውስጥ በአንድ አናጢ ቤት በኪራይ ክፍል ይኖር የነበረ፣ ሕዝቡ «በገንዘብ የማይገዛው» ብሎ የሰየመው። በ1791 ሞት ቅጣት ከሕግ ይውጣ ብሎ በምክር ቤት የተከራከረ ሰው ነው። በየካቲት 1794 ደግሞ በዚያው አንደበቱ በጎነትና ሽብር እጅ ለእጅ መሄድ እንዳለባቸው አስተማረ። ሰኔ ላይ የወጣው ሕግ ለተከሳሹ ጠበቃ ከለከለው፣ ምስክር መስማትን አላስፈላጊ አደረገው፣ ፍርዱንም በሁለት ወሰነው፦ ነፃ ወይም ሞት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሰባት ሳምንታት በፓሪስ ብቻ ከ1,300 በላይ ሰዎች ተሠየፉ። ሐምሌ 28 ተራው የራሱ ሆነ። ከሕግ ውጪ ነው ተብሎ ስለታወጀበት ክሱ አልተሰማም፤ ማንነቱ ብቻ ተረጋግጦ ወደ ጊዮቲን ተወሰደ።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው የሰባኪ መንግሥት እንዳይገጥመኝ መጸለይን ነው። ስለዚህ ሥነ ምግባር ስል የዓላማ ትልቅነት ማለቴ አይደለም፤ ዓላማስ ሮቤስፒየር ሞልቶት ነበር። የግል ኑሮ ንጽሕናም ብቻውን አይበቃም፤ እሱም ነበረው። እኔ የምለው ወሰንን ነው። ዓላማዬ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ፊቴ በቆመው በዚህ ሰው ላይ የማላደርገው ነገር አለ የሚል ወሰን። ለተከሳሽ ጠበቃ አለመንፈግ እንዲህ ያለ ወሰን ነው። የተማረከን አለመግደል፣ በእርቅ ስም ጠርቶ አለማነቅ፣ መጥፎ ዜና ያመጣን አለማሰር። ደረቅና አሰልቺ ነገሮች ናቸው፤ ማንም ግጥም አይጽፍላቸውም። ሮቤስፒየር ሕዝብን ይወድ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሰውየውን ግን አያይም ነበር።

በዚህ ሁሉ መሪዎቹን ብቻ መውቀስ አይገባም። የእኛ ወገን ሥልጣን ሲይዝ መለኪያችን ይቀየራል። ተቀናቃኛችን ሲያስር «አፈና» ያልነው የእኛ ሰው ሲያስር «ሕግ ማስከበር» ይሆናል። እነሱ ሲዋሹ ውሸት ነው፣ የእኛዎቹ ሲዋሹ ስልት። በተረታችንም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ስንል እየሣቅን ነው፤ ሣቁ ግን ፈቃድ አለበት። የተሾመው ሰው ባይበላ የሚታዘበው የገዛ ዘመዱ ነው። ሥልጣንና ሥነ ምግባርን የሚያፋታው ሰነድ የሚፈረመው እንግዲህ በቤተ መንግሥት ብቻ አይደለም፤ ምስክር ሆነን የምንፈርመው እኛ ነን። ሌላውማ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ነው፤ ያ በአቅም ማጣት የተተረተ ስለሆነ እተወዋለሁ።

ይህን ተረት ከእኛ ቋንቋ ውጭ እንደ ሕግ መርሕ ሲነገር የሰማሁት ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ከሪቻርድ ኒክሰን አፍ ነው። ከሥልጣን ከወረደ በኋላ በ1977 በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ሲሰጥ፣ ፕሬዚዳንት ካደረገው ነገሩ ሕገ ወጥ አይደለም ማለት ነው አለ። ይህን ያለው ሰው እንዴት እንደወደቀ ማየት ደግሞ የዕውርነቱን ሌላ ገጽ ያሳያል።

በ1973 የዋተርጌትን ጉዳይ፣ ማለትም የኒክሰን ሰዎች የተቃዋሚውን ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሰብረው የገቡበትን፣ እንዲመረምር የተሾመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ አርችባልድ ኮክስ በፕሬዚዳንቱ ቢሮ የተቀረጹትን ካሴቶች አምጡ አለ። ኒክሰን ለመስጠት አልፈለገም። ቅዳሜ ጥቅምት 20 ቀን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን ኤሊየት ሪቻርድሰንን ኮክስን እንዲያባርር አዘዘው። ሪቻርድሰን ግን ሹመቱ በሴኔት ሲጸድቅ ኮክስን ያለ ከባድ ጥፋት ላያነሣ ቃል ገብቶ ነበር። ኒክሰን አባበለው። በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት እየነደደ ነው፣ ሶቪየቶች እያዩን ነው፣ ጊዜው አይደለም አለው። የግል ቃልህን ከአገር ጥቅም አስቀደምክ ብሎም ወቀሰው። ሪቻርድሰን የአገር ጥቅም ምን እንደሆነ ሁለታችን የምናየው በተለያየ መንገድ ነው የሚል መልስ ሰጥቶ ለቀቀ። ምክትሉ ዊሊያም ረክልስሃውስም እምቢ አለ፤ እሱም ከቦታው ተነሣ።

እኔን የሚገርመኝ ኒክሰን አለመጠበቁ ነው። የሰውን ድክመት በማወቅ የተካነ ፖለቲከኛ ነበር፤ ማን በምን እንደሚገዛ፣ ማን በምን እንደሚፈራ ያውቃል። ቃሌን ሰጥቻለሁ ብሎ የሚኒስትር ወንበር ትቶ የሚሄድ ሰው ግን በሒሳቡ ውስጥ አልነበረም። ቼዛሬ ሌሎች ቃላቸውን ይጠብቃሉ ብሎ ተሳሳተ፤ ኒክሰን ደግሞ ማንም አይጠብቅም ብሎ። ቃልን እንደ መሣሪያ ብቻ የሚያይ ሰው ሌላው የሚያከብረው መቼ እንደሆነ፣ የማያከብረውም መቼ እንደሆነ መለየት ይሳነዋል። በቀናት ውስጥ ቴሌግራም እንደ ጎርፍ ወረደ፤ ሌላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሊዮን ጃዎርስኪ ተሾመ፤ በሐምሌ 1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 0 ካሴቶቹ ይሰጡ ብሎ ፈረደ፤ ነሐሴ 9 ፕሬዚዳንቱ ወረደ።

በዚያች ቅዳሜ ግን ሦስተኛ ሰው ነበረ፣ ሮበርት ቦርክ። በመሥሪያ ቤቱ በማዕረግ የሚቀጥለው እሱ ነበርና ኮክስን ያባረረው ደብዳቤ የወጣው በእሱ ፊርማ ነው። ነገሩን የሚያከብደው፣ ሁለቱ እምቢ ባዮች ራሳቸው «ሁላችንም ከሄድን መሥሪያ ቤቱ ይፈርሳል፤ አንተ ቆይ» ብለው መክረውት ነበር። እሱ በመቆየቱ የኮክስ ባልደረቦችም ሥራቸውን ለመቀጠል በቅተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ከራሚሮ ጋር አይቆጠርም፣ ከሪቻርድሰንም ጋር አይቆጠርም። መሥሪያ ቤቱን ለማትረፍ ብሎ የፈረመው ትክክል ነው የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው ባዶ አይደለም። እኔ ግን ደብዳቤውን የሚፈርም እጅ ፍለጋ ኒክሰን አራተኛና አምስተኛ ሰው ድረስ ሲወርድ ማየት እመርጥ ነበር።